የአማከለች ደም መላሽ

አቶ ወልደ ጻድቅ ሚስታቸው አማከለች በ፳፻፬ ዓ.ም. በደም ካንሰር ከሞተችባቸው ወዲህ ጢማቸውን አልተላጩም። የሙት ዓመቷ ከወጣ በኋላ የነፍስ አባታቸው ቄስ ኪዳነ ሐዘኑን እንዲፈቱ ሊለምኗቸው በመንዝ ሕዝቡ ተራ ገብቶ በሚጠብቀው የጓሳ ሣር መሬት ጥግ ወዳለው ቤታቸው መጡ።

"ገዳይዋ አልተያዘም፣ አባ።"

"በሽታ ደመኛ ይሆናል፣ ወልደ ጻድቅ?"

"ገድሏል። ሌላ ምን ይሁን?"

ደም የሚመልስ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ያለቻቸው ትሕትና ብቻ ናት። እሷም አዲስ አበባ በቤተ ሙከራ ካንሰርን ታጠና ነበር፤ እናቷን ከቀበረች በኋላ ግን ትምህርቱን ትታ በአቅራቢያቸው ባለችው ራቤል ከተማ ለማስተማር ተስማማች። አባቷ ይህንን እንደ ክህደት ቆጠሩት።

"የእናትሽን ገዳይ ለቅቀሽ ፊደል ልታስቆጥሪ?"

"ምን ላድርግ፣ አባዬ? ጠባቂ እያለ የሚገድል ነገር ነው።"

"ጠባቂ እያለ?"

ትሕትና አባቷ የሚገባቸውን ምሳሌ አላጣችም፤ የገዛ ታሪካቸውን አነሣችላቸው። አቶ ወልደ ጻድቅ በጎልማሳነታቸው የጓሳ ጠባቂ ነበሩ። ሣሩ እንዳይታጨድ ተከልሎ ሳለ አንድ ቀን ከማዶ የቀብር ጥሩምባ ተነፋ። ያንን ሰምቶ መቅረት በመንዝ ነውር ነውና ጠባቂዎቹ በሙሉ ወረዱ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ሲመለሱ ጓሳው ታጭዶ ጠበቃቸው። አጫጆቹን ቢያሳድዱ በየጊዜው ሌሎች ተተኩ፤ የሐሰት ጥሩምባውም ደጋግሞ ተነፋ። በመጨረሻ ወልደ ጻድቅ ጥሩምባ ነፊውን መርስዔ ኃዘንን ያዙትና ጥሩምባውን ዓይኑ እያየ በድንጋይ ጨፈለቁት። ሌብነቱ ያን ዕለት ቆመ።

"ካንሰሩም እንደዚያው ነው" አለች። "በእያንዳንዱ ሕዋስ መካከል ኒውክለስ የሚባል እምብርት አለ። ሕዋሱ ያለ ልክ እንዳይራባ የሚከለክሉ ፕሮቲኖች የሚጠብቁት እዚያ ውስጥ ነው። ፕሮቲን ከኒውክለስ የሚያወጣ ተሸካሚም አለ። ካንሰሩ ያንን ተሸካሚ ያበዛና ጠባቂዎቹን ያስወጣቸዋል። ውጭ ሆነው ምንም አይሠሩም።"

"ጥሩምባ ነፊ አለው በይኛ!"

"አለው። እሱን የሚይዝ መድኃኒት እየተሞከረ ነው፤ እኔም እሱን ነበር የማጠናው።"

"ይዘሽው ለቀቅሽው!"

"ተሸካሚው ለጤነኛውም ሕዋስ ይሠራል፣ አባዬ። ከመጠን በላይ ከያዝነው ሕመምተኛው ይጎዳል።"

"መርስዔ ኃዘንም ለእውነተኛ ሙት ይነፋ ነበር። የሰበርኩት ጥሩምባውን እንጂ አንገቱን አይደለም። ልኩን ፈልጊ!"

"ቢገኝስ? እማዬን አይመልስም።"

"ደም የመለሰ ሁሉ ሟቹን መልሷል? ገዳዩ እንዳይስቅ ነው እንጂ።"

ትሕትና ራቤልን ትታ ወደ ቤተ ሙከራዋ ተመለሰች።

በተከታዩ ዓመት ለፋሲካ ስትመጣ ስልኳን ከፍታ አንድ ሥዕል አሳየቻቸው፤ በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ያበራሉ።

"ጠባቂዎቹ ናቸው። መድኃኒቱን ስንጨምር ኒውክለሱ ውስጥ ቀሩ።"

"ካንሰሩስ?"

"ሞተ።"

አቶ ወልደ ጻድቅ ሥዕሉን አፍጥጠው አዩት፤ የወደቀ ጠላት ሬሳ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ለእንኳን አደረሳችሁ የመጡት ቄስ ኪዳነ ፈገግ አሉ።

"እንግዲህ ምላጭ ይምጣ?"

"ገና በቤተ ሙከራ የብርጭቆ ሳህን ላይ ነው" አለች ትሕትና አንገቷን ደፍታ። "ሰው ላይ ብዙ ይቀረዋል።"

አቶ ወልደ ጻድቅ ስልኩን መለሱላትና ጢማቸውን ጨበጡ።

"አማከለች የሞተችው ሳህን ላይ አይደለም፣ አባ። ምላጩ ይቆይ።"

ወደ ልጃቸውም ዞሩ።

"ወደ ቤተ ሙከራሽ የሚመልስሽ አውቶቡስ መቼ ነው የሚነሣው?"