መቶ አሥራ ሰባቱ መስመሮች

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። የደብረ ታቦር ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ለመሰማማት መጮህ ነበረብን።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ታመመችና ትምህርት አቋረጥሁ። ጅዳ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ተመለስሁ። ከዚያ የስድስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ወሰድሁና ለገበሬዎች ማኅበራት የምርጥ ዘር መመዝገቢያ ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ገባሁ። ሦስት ነበርን፤ አለቃችን አንዷለም፣ ኤሌኒና እኔ።

እያንዳንዳችን የፕሮግራሙን ቅጂ ይዘን ለየብቻ እንሠራለን፤ ቅርንጫፍ ይባላል። ሥራው ሲያልቅ ከዋናው ጋር ይዋሐዳል። ጊት የሚሉት መዝጋቢ ፕሮግራም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ መስመር በመስመር ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ ጋርም አጭር ማስታወሻ ይጻፋል። እኔ ዲፕሎማ የለኝም። ሠርቻለሁ ብዬ የማሳየው ያንን ዝርዝር ብቻ ነበር።

ያን ቀን አንዷለም የእኔን ቅርንጫፍ ሊያዋሕድ ከፍቶ ማስታወሻዬን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

«‹ዛሬም እምቢ አለ።› ‹ልቅሶ ደርሼ መጣሁ፣ ግማሹ ቀርቷል።› ‹ይኼ ነገር ሊገድለኝ ነው።› ጥሩነሽ፣ ይኼ ሥራ ነው ወይስ ንስሐ?»

«አንተን የነፍስ አባት ማን አደረገህ?» አለች ኤሌኒ እየሳቀች።

«መቶ አሥራ ሰባት መስመር ማስታወሻ ነው እኮ እቴ። ሰው ቢያየው ይሥቅብናል። ወደ አንድ ላጠቃልለው?»

እኛ አገር ደቦ የወጣ ሰው ያጨደውን ነዶ ለይቶ ይህ የእኔ ነው አይልም፤ ነውር ነው። እኔም ያንኑ ይዤ ነው ቢሮ የገባሁ። ደግሞ አፍሬ ነበር።

«እንደወደድህ» አልሁት።

ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ መስመር አደረገው። ያዋሐደው እሱ ስለሆነ የተመዘገበውም በእሱ ስም ነው። ስሙን አይቼዋለሁ። ቅርንጫፉን ሰረዘና «አሮጌውን ቅጂሽን አጥፊና አዲሱን አውርጂ» አለኝ። አጠፋሁ፤ መቶ አሥራ ሰባቱ መስመሮች የቀሩት እዚያ ብቻ ነበር።

በጥር አንድ የባሕር ዳር ድርጅት ፕሮግራሙን የሚያሰፋለት አንድ ሰው ፈለገ። የላካት ሴት ዓለሚቱ ትባላለች። «ወረቀት አልጠይቅም፤ የሠራችሁትን ብቻ አሳዩኝ» አለች። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ።

ዝርዝሩን ከፍታ ወደ እኔ ዞረች። «የአንቺ የትኛው ነው?»

«የምዝገባው ክፍል።»

«ይኼ እኮ አንዷለም ነው የሚለው።»

አንዷለምን አየሁት። «በጋራ ነው የሠራነው» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። ውሸት አይደለም። ሴትዮዋ አንገቷን ነቅንቃ ወደ ሌላው አለፈች።

ደጅ ስንወጣ ኤሌኒ «አፍ የለሽም? ለምን አልተናገርሽም?» አለችኝ።

«ምን ይዤ?» አልኋት።

የወሰዱት አንዷለምን ነው። ቢሮው ያለ እሱ ሦስት ወር ተንገዳግዶ ተዘጋ።

አሁን ጋሳይ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያለሁ። መንገድ ዳር ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ።