ለአማቴ የሠራሁት የቀይ ሥር ሾርባ

አማቴ በእኔ እጅ የተሠራ የጾም ምግብ እንደማይበሉ ያወቅኩት በጎረቤት ውሻ ነው። ባገባሁ በመጀመሪያው ሁዳዴ ከሠራሁት ሁሉ፣ ከምስሩም ከሽሮውም ከጎመኑም፣ በሳህን ከድኜ እወስድላቸው ነበር። ሳህኑ ታጥቦ፣ ምርቃት ታክሎበት ይመለሳል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ እገባለሁ። አንድ ቀን የረሳሁትን ጭልፋ ልወስድ ስመለስ፣ አማቴ በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው ትኩሱን ምስሬን ለውሻው ሲገለብጡለት አየሁ። እሳቸው አላዩኝም። ለባሌም ሳልናገር ዋጥኩት። ያ ውሻ ሰው ሁሉ በሚከሳበት ወራት ለምን እንደሚወፍር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። እኔ ያደግኩት በጴንጤ ቤት ነው። የባሌ ቤተሰብ ደግሞ ቀጨኔ ተወልዶ፣ ቀጨኔ ተድሮ፣ ቀጨኔ የሚቀበር የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። የምንኖረው ከአማቴ ጋር በአንድ ግቢ ነው፤ እሳቸው ከፊት ባለው አሮጌ ቤት፣ እኛ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች። በፍስክ ቀን አብረን እንበላለን፤ ማታ ማታ አንድ ጋቢ ደርበን ድራማ እናያለን፤ በባሌ ስንፍና ላይም ተባብረን እንስቃለን። ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በድስቴ ትናንት ምን እንደተሠራበት፣ ማማሰያዬ የቱ ቅቤ ውስጥ እንደዋለ ማን ያውቃል ብለው ይጠረጥራሉ። አይፈረድባቸውም። እኔን ግን ያመኝ ነበር። ሳልዋሽ ውሸታም የተባልኩ ያህል ያመኝ ነበር።

እንዲህ እንዳለን ስምንት ዓመት ሆነ። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲጋመስ አማቴ ታመሙ። ወደ ቁስቋም ለቅዳሴ ሲወጡ ዳገቱ ላይ ዞሮባቸው ተቀመጡ፤ መንገደኛ ደግፎ አመጣቸው። ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው ደማቸው በጣም አንሷል ተባለ። ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ሥጋና እንቁላል እንዲበሉም ተነገራቸው። የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ለሕመምተኛ እንደሚፈቀድ አስረዷቸው። አማቴ መስቀሉን ተሳልመው፣ “እሺ አባቴ” ብለው ሸኟቸውና ወደ እኛ ዞሩ።

“ዕድሜ ልኬን የጾምኩ ሴት፣ አሁን ማምሻዬ ላይ ልፈስክ?” አሉ።

በቃ፣ እዚያው አለቀ። እሳቸው እንዳያበስሉ ጉልበት የላቸውም፤ የእኔን ደግሞ እንደማይቀምሱት አውቃለሁ። ሳምንት ሙሉ በዳቦና በሻይ ዋሉ። ከንፈራቸው ነጣ፤ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ለመሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። እኔ እናቴን በልጅነቴ ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ እናት መቅበር አልፈልግም ነበርና በእውነት ፈራሁ።

በሠፈራችን ቀይ ሥር ደም ይሆናል ይባላል። ሐኪም ምን እንደሚል አልጠየቅኩም። አማቴ ያምኑበታል፤ ለእኔ የሚያስፈልገኝም እሱ ነው። ጠዋት ጉሊት ወርጄ ቅጠሉ ያልተቆረጠ፣ አፈሩ ያልረገፈ ቀይ ሥር መርጬ ገዛሁ። እግረ መንገዴን ከሠፈራችን ሸክላ ሠሪዎች አዲስ ድስት ገዝቼ፣ አሟሽቼ፣ ማማሰያም አዲስ አድርጌ፣ ሁሉንም ተሸክሜ አልጋቸው አጠገብ ቀረብኩ።

“እማዬ፣ ሾርባ ልሠራልዎ ነው። ድስቱን ይዩት፣ ምንም አልነካውም።”

ድስቱን ገልብጠው አዩት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ አሸተቱትም። “እስቲ” አሉ። በስምንት ዓመት ያገኘሁት ትልቁ ተስፋ ይህ ነበር።

መብራት ስለሌለ ከሰል አቀጣጠልኩ፤ እንዲያውም ለዚህ ሾርባ ከሰል ይሻለዋል። ሽንኩርቱን አድቅቄ ያለ ዘይት አቁላላሁት፤ ሲለሰልስ ትንሽ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ ቲማቲም ጨመርኩ። ቀይ ሥሩን ልጬ በቀጭን በቀጭኑ ስከትፍ እጄ እስከ አንጓዬ ቀላ። ካሮቱ ገባ፣ ድንቹ ገባ፣ ጥቅል ጎመኑ ገባ። ወፈር እንዲል አንድ እፍኝ የገብስ ቅንጬ በተንኩበት። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ብዙም አልተሰጠኝም። ክዳኑን በየደቂቃው እከፍታለሁ፣ አማስላለሁ፣ እዘጋለሁ። ከሰሉን አራገብኩና እንዳይገነፍል ብዬ መልሼ በአመድ ሸፈንኩት። ሦስት ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ቆየ። ቀዩ ቀለም እንዳይጠፋ መጨረሻ ላይ ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ቅጠሉንም ከትፌ ጨመርኩ። ቀምሼ አንድ ነገር የጎደለው መሰለኝ፤ እጄ እንደለመደው ወደ መደርደሪያው ሄዶ አስተካከለው። እንደገና ስቀምሰው ጉድ የሚያሰኝ ሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በጎድጓዳ ሳህን ይዤላቸው ገባሁ። አማትበው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጎረሱ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሳላስበው ማንኪያ እቆጥር ጀመር። ግማሹን ሲያጋምሱ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ።

“እጅሽ ይባረክ። አለ ወይ የሚደገም?”

ወደ ኩሽና የሄድኩት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላስታውስም። ጭልፋውን ሳነሳ ግን መደርደሪያው ላይ አንዲት የተጨማደደች ብልጭልጭ ወረቀት አየሁ። ከሱቅ የምገዛት ደረቅ የሾርባ ቅመም መጠቅለያ ናት። ለራሳችን ሾርባ ሁልጊዜ አንድ ፍሬ አፈርስበታለሁ። ወረቀቷ ላይ ዶሮ ተስላባታለች። ከሥሯም የዶሮ ጣዕም ይላል።

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወረቀቷን አሳየሁት። አየት አድርጎ ወደ ኪሱ ከተታት።

“ተዪው በቃ። ሥዕሏ እንጂ ዶሮዋ የለችበትም” አለኝ። “ደግሞ ሰው ሳያውቅ የበላው አይቆጠርበትም። ከስንት ቀን በኋላ እኮ ነው ትኩስ ምግብ የቀመሰችው!”

እውነቱን ነው። ብነግራቸው ያን ሳህን ብቻ ሳይሆን ከእንግዲህ የማቀርበውን ሁሉ አይቀበሉም፤ ያ ማለት ደግሞ ዳቦና ሻይ ነው፣ ግድግዳ መያዝ ነው። ዝም ብል ግን ጥርጣሬያቸው ልክ ይሆናል። ስምንት ዓመት ስታመምበት የኖርኩት ውሸት በእኔው እጅ እውነት ሊሆን ነው። ጭልፋውን አስቀመጥኩ።

ባዶ እጄን ስገባ አማቴ ቀና ብለው አዩኝ።

“እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የጾም አይደለም። በልማድ የዶሮ ቅመም ጨምሬበታለሁ።”

ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። አማተቡ። ውሃ ጠይቀው አፋቸውን ተጉመጠመጡ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆሜአለሁ።

“ለምን ነገርሽኝ?” አሉኝ በመጨረሻ።

“መደበቅ አቃተኝ።”

“ብትደብቂኝ በምን አውቀው ነበር?”

“አያውቁም ነበር።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ነይ፣ ቁጭ በይ” አሉኝ። ተቀመጥኩ። የቀላውን እጄን ያዙት።

“ይህን ያህል ዓመት የምታመጪልኝን አልበላሁትም። ለውሻ ነበር የምሰጠው።”

“አውቃለሁ፣ እማዬ።”

ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። ዓይናቸው በእንባ ሞላ። “እያወቅሽ ነው ታዲያ የምታመጪው?” አሉኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን። ቆይተው፣ የዛሬውን ጥፋት ራሳቸው ለንስሐ አባታቸው እንደሚነግሩ፣ እኔ እንዳልጨነቅበት አስጠነቀቁኝ። የተረፈውን ሾርባ ባሌ ያለ አንዳች ጸጸት ጨረሰው።

በማግስቱ እንደገና ቀይ ሥር ገዛሁ፣ ሌላ ድስት አሟሸሁ፣ እንደገና ከሰል ዳር ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህኑን አቀረብኩላቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ ጎረሱ። አማቴ በፍስክ ቀን በወጤ ላይ እንከን አጥተው አያውቁም፤ አንዴ ቀጠነ ይላሉ፣ አንዴ ቅመሙ በዛ ይላሉ። የጾም ምግቤን ግን በስምንት ዓመት አንድም ቀን አልነቀፉትም፤ ያልቀመሱትን ምን ብለው ይነቅፋሉ?

“ጨው አንሶታል” አሉኝ።

ጨው ላመጣ ብዬ ወጣሁና ኩሽና ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።