ለአዴር ጉሬይ ያላነበብኩለት መስመር

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ፈነዳና ሹፌሩ ገፍቶ አንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ አቆመው። ጎሚስታው የማስቲሽ ቆርቆሮውን ከፍቶ በጣቱ መቀባት ሲጀምር ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። የልጅነቴ ሽታ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሰው ያየኝ ይመስል ፊቴ ጋለ። ሹፌሩ «ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ እህቴ» እያለኝ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ጅግጅጋ ውስጥ፣ ከተከራየንበት ግቢ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ፣ አዴር ጉሬይ ኳስና ጫማ የሚጠግንባት፣ ማስቲሽ ማስቲሽ የምትሸት ሰማያዊ የቆርቆሮ ኪዮስክ ነበረችው። አዴር የምንለው እንደ አጎት ስለምናየው ነው። ጉሬይ ደግሞ በሶማሊኛ ግራኝ ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቅጽል ስም ስለሚጠራራ፣ መዝገብ ስሙ ዋይስ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነበር። የቀኝ ጉልበቱ ስለማይታጠፍ እግሩን ወደ መንገዱ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የሚያልፉ ፍየሎች ይዘሉታል።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው። በትምህርት ቤቱ የስፖርት ኮሚቴ ውስጥ ስለነበር የተቀደዱትን ኳሶች ለጥገና የሚልከው በእኔ ነበር። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ከሰው ጋር ማውራት እፈራለሁ፤ ዳቦ ገዝቼ መልስ እንኳ ሳልጠይቅ የምመለስ ልጅ ነበርኩ። አዴር ጉሬይ ግን እንድናገር አያስገድደኝም ነበር። የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ያስቀምጠኛል፤ የናይሎኑን ክር በሰም እየሳበ፣ በወስፌ ቆዳውን እየበሳ፣ እሱ ራሱ ያወራል።

የተወለደው አይሻ ነው። አባቱ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ስለነበር ኳስ የለመደው ከሐዲዱ ጎን፣ ድንጋይ በበዛበት ሜዳ ነው። በወጣትነቱ በዕቃ ባቡር ጅቡቲ ገባ። እዚያ የወደብ ሠራተኞች ቡድን ግራ እግሩን አይቶ ፈለገው፤ ግን የአገሬው መታወቂያ አልነበረውም። የአጎቱ ልጅ ሮብሌ የራሱን ሰጠው። ቤተሰቡ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ስለሆነ ይህ ለእነሱ ኮት እንደመዋዋስ ነበር። ወረቀት ወረቀትን እየወለደ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ኤደን ሲጫወትም፣ ጉልበቱ እስከተሰበረበት ቀን ድረስ፣ ሮብሌ ነበር። ፎቶው የእሱ የሆነ፣ ስሙ ግን የሮብሌ የሆነ የክለብ መታወቂያ አሳይቶኛል።

«ወላሂ፣ ጎል አግብቼ ሕዝቡ ‹ሮብሌ! ሮብሌ!› ሲል፣ እኔ ማን እንደተጠራ ለማየት ዞር እል ነበር» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቆርጦ ወስፌውን ወደ እኔ ቀሰረ። «ይሄ የእኔና የሮብሌ ነገር ነው፣ አባዮ።» አባዮ ሲል እህቴ ማለቱ ነው።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቱ ለታዳጊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሊቀጥር ማስታወቂያ ለጠፈ። አዴር ጉሬይ ልብሱን ቀይሮ ሄደ። ጨዋታውን የሚያውቁ ሁለት የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች መሰከሩለት። ሜዳ አስገብተው ሲያዩት፣ በዚያ ጉልበቱም ቢሆን ቆሞ የሚልካት ኳስ ልጆቹን አስጨበጨበች። የቀረው የሥራ ልምዱን የሚገልጽ የአማርኛ ማመልከቻ ብቻ ነበር። እሱ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም። የእጅ ጽሑፌ እንደሚያምር አባቴ ነግሮት ስለነበር ወደ እኔ መጣ።

«አሳጥሪው» አለኝ። «ጅቡቲና የመን ተጫውቷል፣ ልጆች ይወዳል፣ በቃ። በሰው ስም ብዙ ተጨብጭቦልኛል፤ አሁን ልጆች በራሴ ስም ‹አሰልጣኝ ዋይስ› ቢሉኝ እጠግባለሁ።»

ሁለት ቀን ደከምኩበት። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። እና የሮብሌን ነገር ጻፍኩት። ጀርባውን ለጭብጨባው ሰጥቶ ዞር የሚለውን ሰው፣ በእሱ አንደበት፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ አስገባሁት። ለብዙ ዓመታት ራሴን «እውነት ስለሆነ ነው» እያልኩ አታልዬዋለሁ። እውነቱ ግን ዓረፍተ ነገሩ አምሮኝ ነው። ማመልከቻው ሲገባ አባቴም ከኮሚቴው ጋር ያነበዋል ብዬ ነው።

ኪዮስኩ ደጃፍ ቆሜ ሳነብለት እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ዘለለው። አላቀድኩትም፤ ዓይኔ አይቶት አፌ አለፈው። እሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማና «ጎበዝ» ብሎ ከታች ፈረመ፤ በግራ እጁ፣ ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ ወረቀቱን መልሼ መቀበል እችል ነበር። አልተቀበልኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ አባቴ ለምሳ ሲመጣ እየሳቀ ገባ።

«የእኔ ጸሐፊ! ርዕሰ መምህሩ ‹እንዲህ የተጣራ ማመልከቻ አይቼ አላውቅም› አለ። የማን ጽሑፍ እንደሆነ ስነግራቸው ሁሉም አደነቁሽ።»

«ሥራውስ?» አልኩ።

«የምን ሥራ? በሰው ስም የተጫወተን ሰው ለልጆች አርአያ አድርገን ልናቆም ነው? ራሱ አይደል እንዴ ያመነው!» እንጀራውን ጠቀለለና ጨመረ፦ «አንዱ ደግሞ ‹የምንቀጥረው እሱን ነው ወይስ የአጎቱን ልጅ?› ብሎ በሳቅ ገደለን።»

እናቴም ሳቀች። እኔ ውኃ ላመጣ ተነሳሁና ጓዳ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የምሄደው በኋላ በር፣ በቆሻሻ መጣያው በኩል ዞሬ ሆነ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሸሸሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ እንደልማዱ ኳስ አስይዞ ላከኝና ሄድኩ። አዴር ጉሬይ ኳሱን ተቀበለኝ። ጀሪካኑን አልገለበጠልኝም። ከሸሚዝ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ትምህርት ቤቱ መልሶለት ነበር።

«ሰዎቹ ሲያነቡልኝ የሮብሌ ነገር አለበት» አለ። «አንቺ ስታነቢልኝ አልነበረም።»

ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

«አንብቢልኝ አሁን። ሙሉውን።»

አነበብኩ። መስመሩ ላይ ስደርስ አልዘለልኩትም። እሱ መንገዱን እያየ ይሰማ ነበር።

«ደህና አድርገሽ ጽፈሽዋል» አለ ስጨርስ። «ልክ እንደነገርኩሽ ነው፣ አባዮ። ግን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ዓይነ አፋርነቴን ሰበብ አድርጌ ዋጥኩት። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰና ኳሱን አገላብጦ የተቀደደበትን ፈለገ። ዓመቱ ሳያልቅ ኪዮስኩን ለአንድ ሻይ ሻጭ ለቆ ወደ አይሻ ተመለሰ። የሄደ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ለአባቴ የመጨረሻዎቹን ኳሶች ሰፍቶ፣ ነፍቶ፣ በመረብ አስሮ በራችን ላይ አስቀምጦልን ነበር። ስለ ማመልከቻው ለአባቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚሁ ጅግጅጋ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጥሬያለሁ። አማርኛ የማያነቡ ሰዎች ማመልከቻ ሲያስጽፉኝ እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እያሳየሁ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ባልደረቦቼ «አንቺ ጋ የተሰለፈ ምሳው አለፈው» እያሉ ይቀልዱብኛል። አዴር ጉሬይ የተወልኝ ይህንን ነው፤ እሱ ግን አያውቅም። ሁለት ጊዜ በሥራ አይሻ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማንንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት እናት ከሐርተሼክ መጡ። የልጃቸውን ጉዳይ እየጻፍኩ ሳለ ስለ ልጁ አባት አንድ ነገር አጫወቱኝ፤ እኔም ጻፍኩት። ሳነብላቸው እዚያ ላይ ቆምኩ።

«እናቴ፣ ይሄኛው ይግባ ወይስ ይቅር?»

ሻርፓቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ።

«ይቅር፣ ልጄ።»

ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሰረዝኩት።