እናቴን የወሰደብኝ የክንድ መደገፊያ

ዛሬ ዘንዘልማ ለክርስትና ልንሄድ ስንል እናቴ ከመኪናዬ ወርዳ የጎረቤታችን የአንተነህ መኪና ውስጥ ገባች። ዓይኔ እያየ!

ሁለታችንም አሮጌ ኮሮላ ነው የምንነዳው። እሱ ግን በፊት ወንበሮቹ መካከል አዲስ የክንድ መደገፊያ አስገጥሟል። የእኔው ከተሰበረ ዓመት አልፎታል።

«ትከሻዬን ያመኛል ልጄ፤ እዚያ ክንዴን አሳርፋለሁ» አለችኝ።

ቅናት እያንገበገበኝ ከኋላቸው ነዳሁ። (ስትስቅ አያታለሁ። ከእኔ ጋር ስትሄድ እንቅልፍ ነው የሚወስዳት።)

እንደተመለስን የተሰበረውን ብረት አስበየድሁ፤ አዲስ ስፖንጅና ቆዳ አልብሼ በብሎን አሰርሁት። እማዬ ክንዷን አሳርፋ «እሰይ፣ ይኼማ ይበልጣል!» አለች።

እኔ ግን አሁንም እቀናለሁ። ለካ እሷው እንደነገረችኝ፣ «ትከሻዎን ያምዎታል እንዴ?» ብሎ ከእኔ ቀድሞ የጠየቃት አንተነህ ነው።

እናንተስ በእናታችሁ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።