ጤና አዳም በኪሴ ይዤ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ የሄድኩ ዕለት

ጠዋት ነው... አከራዬ ወይዘሮ ዘርፌ በር ላይ ቆመው የኮቴን እጅጌ ይዘው አልለቅም አሉ።

«አንተ አስተማሪ፣ ስማኝ! እዚያ ሄደህ እህል እንዳትቀምስ። ዓይናቸው አይጣል ነው!»

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ቢቸና ተልኬ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የሐረር ልጅ ስለሆንኩ አገሩም ሰዉም አዲስ ሆኖብኝ፣ ያየሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሁሉን ያወቅሁ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ገበያ ላይ እንስራ ሲሸጡ የተዋወቅኋቸው እማማ ላቀች የሚባሉ ሸክላ ሠሪ «ሥራችንን ማየት ካማረዎ ይምጡ» ብለውኝ ነበር። ሰፈራቸው በሞጣ መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል።

የከተማው ሰው ከሸክላ ሠሪ ጋር አይበላም፣ አይጋባም። ቡዳ ናቸው ይላል። ወጡን የሚሠራው ግን በእነሱ ድስት ነው፤ ጠላውን የሚጠምቀውም በእነሱ ጋን። ይህንኑ ለወይዘሮ ዘርፌ ብነግራቸው፣

«ድስት ምን ዓይን አለው!» አሉኝና ከጓሯቸው ጤና አዳም ቀጥፈው ኪሴ ውስጥ ወተፉልኝ። እኔም የተማርኩት ሰውዬ... አውጥቼ አልጣልኩትም።

ስደርስ እማማ ላቀች ጋን እየሠሩ ነበር። ጋኑን አያዞሩትም፤ እሳቸው ናቸው ወደ ኋላ እየሄዱ የሚዞሩት። ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ከውስጥ አንዱን ከውጭ አድርገው፣ ጭቃውን ሽቅብ እየሳቡ ይዞራሉ። ልኬት የለ፣ መስመር የለ። ጋኑ ግን ክብ ሆኖ ይነሳል። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ስስል ተማሪዎቼ የሚስቁብኝ ሰው፣ ደብተሬን ከፍቼ መጻፉን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ልጃቸው የሺ ጭቃ ሰጥታኝ እኔም አንድ ጽዋ ቢጤ ሠራሁ። ከስኒና ከጫማ ለየትኛው እንደሚቀርብ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከቤቱ አጠገብ ባለው ዳስ ሥር በጆንያ የተሸፈነ ነገር አየሁ። አላስችል ብሎኝ ጆንያውን ገለጥኩት። አሥር ጋን! ደርቀው፣ በድንጋይ ተወልውለው፣ እሳት ብቻ የሚጠብቁ።

«አቤት ውበት! እንዲህ ያለ ጋን በዕድሜዬ አላየሁም!» ብዬ ጮህኩ።

በግቢው የሚሠራው ሁሉ ሥራውን አቆመ። የሺ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ላቀች ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ምን አልህ?»

እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ነበርኩ።

«ያልተተኮሰ ሸክላ ይደነቃል? የሰው ዓይን የገባበት እሳት ላይ እንደሚፈነዳ የነገረህ የለም? የሰርግ ጋን ነው። ባለሰርጎቹ ተረክበው ጤፉን ሲሰፍሩልን እስከ ክረምት የምንበላው እሱን ነው!»

ደነገጥኩ። ይቅርታ ብል ምን ያደርጋል... ተናግሬዋለሁ።

«እትፍ በልበት!» አሉኝ። አፌ ደርቆ ምራቅ ከየት ይምጣ። አሥሩንም ጋን እየዞርኩ በባዶ አፌ «እትፍ፣ እትፍ» አልኩ። እማማ ላቀች አጠገብ ስደርስ አሸተቱ።

«ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጤና አዳሙን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጠውልጓል፣ ሽታው ግን አልጠፋም።

«ከማን ዓይን ሊጠብቅህ ነው?»

ውሸት እንኳን አጣሁ። ጤና አዳሙን አዩት፣ እኔን አዩኝ... ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። እንባቸው እስኪወርድ ነው የሳቁት።

«ነይ ስሚ የሺ! ከእኛ ዓይን ሊጠበቅ ይዞት የመጣውን፣ ለእኛው ጋን ከእሱ ዓይን መጠበቂያ እናድርገው!»

ቅጠሉን አሥር ቦታ ቆራርጠው በየጋኑ አፍ ጣል ጣል አደረጉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «እሳቱ ሳይወርድ ግን ንቅንቅ የለም። ከፈነዳም አብረህ ታያለህ» አሉኝ።

ኩበት ተሸከምኩ፣ ጭድ ጎዘጎዝኩ። የእኔንም ጽዋ፣ ሳይደርቅ አይሆንም ቢሉኝ ለምኜ፣ ከጋኖቹ ራቅ አድርገው ዳር ላይ አስቀመጡልኝ። እሳቱ ተለኮሰ። ምሳ ሲቀርብ እማማ ላቀች እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ወይዘሮ ዘርፌ ትዝ አሉኝ። ቆርሼ ጎረስኩ። የባቄላው ሹሮ ይጣፍጥ ነበር፣ ምን ያደርጋል፣ ጆሮዬ እሳቱ ላይ ስለነበር ደጋግሜ አላላመጥኩትም።

ጧ!

ሁላችንም ብድግ አልን። ተመልሰን ተቀመጥን፣ ግን ከዚያ በኋላ የበላ ሰው የለም።

አመሻሹ ላይ አመዱ ተገለጠ። እማማ ላቀች እያንዳንዱን ጋን በጣታቸው አንጓ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ደህናው ጋን እንደ ቃጭል ይጮሃል። አንድ... ሁለት... እኔ ትንፋሼን ይዤ እቆጥራለሁ። አሥረኛውም ጮኸ! የሺ እልል አለች። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

የፈነዳው የእኔ ጽዋ ነበር። እማማ ላቀች ስብርባሪውን በእንጨት ጫር ጫር አድርገው፣

«እሱን እንኳ ማንም አላደነቀው» አሉ።

ስሰናበታቸው ጋኖቹን ዞር ብዬ አየኋቸው። በእሳቱ ቀልተዋል፣ ቅድም ከነበሩት ይበልጥ ያምራሉ። አፌን ግን ያዝኩ።

«አሁንማ ተናገር! እሳት ካለፈ በኋላ ዓይን ምን ያደርገዋል?» ብለው እማማ ላቀች ሳቁብኝ። ተናገርኩ፣ የልቤን ያህል። እሳቸውም ሳያፍሩ ቆመው አዳመጡኝ። ለዚያ ሥራ ሲያንስ ነው።

ቤት ስደርስ ወይዘሮ ዘርፌ አላስቀመጡኝም።

«ጤና አዳሙስ? ሠራ?»

«ሠራ እንጂ! አንድም ጋን አልተሰነጠቀም።»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ሁለት ሰዓት በእግሬ ኳትኜ ያገኘሁት የሚፈራ ዓይን የራሴ መሆኑን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው!