ማኅተሙ ከተቀደደ ዋስትና የለም

ሰውየው ወደ ሱቃችን የገባው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። በትከሻው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሟል፤ በአንድ እጁ ሽመል ይዟል። ሰላም እንኳ አላለንም። የተሸከመውን ከነጋቢው የመስታወት ባንኮኒያችን ላይ ወረወረው። መስታወቱ እንክትክት ብሎ ወረደ፤ ከሥሩ የደረደርናቸው ማውሶችና ኪቦርዶች ከስብርባሪው ጋር ተደባለቁ። ከጋቢው ውስጥ ብቅ ያለው ጎኑ የከሰለ ኮምፒውተር ነበር። አወቅሁት። የሸጥኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ቤተሰባችን ጎንደር ውስጥ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባቴ ሲደክመው ሱቁን ለታላቅ ወንድሜና ለእኔ ለቀቀልን፤ ወንድሜ ጨርቁን አውጥቶ ኮምፒውተር አስገባበት። እሱ ከአዲስ አበባ ዕቃ ያመጣል። እኔ ሙያውን ተምሬው ስለነበር ፕሮግራም እጭናለሁ፣ የተበላሸ እጠግናለሁ፣ እሸጣለሁም። ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ይል ነበር። አብዛኛው ገዢ ግን የሚያየው የስክሪኑን ስፋትና የካርቶኑን ማማር ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ይኸው ሰውዬ ከሴት ልጁ ጋር ከአምባ ጊዮርጊስ መጥቶ ነበር። እሱ ገበሬ ነው፤ ልጅቱ በእኔ ዕድሜ ናት። እዚያው በወረዳው ከተማ ማመልከቻና አቤቱታ የምትጽፍበት ቤት ልትከፍት አስባለች። ሌላ ገዢ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ።

«ክዳኑን ከፍተሽ ውስጡን ታሳዪኛለሽ?»

«አይሆንም እህቴ» አልኳት፤ ከጀርባው የተለጠፈችውን ብርማ ወረቀት እያሳየኋት። «ይቺ ማኅተም ከተቀደደች ዋስትና የለውም። አዲስ እኮ ነው፤ ምን ያጠራጥርሻል?»

አባትየው ሳቀ። «ምነው ልጄ፣ የሰው ዕቃ እንዲህ ይጠረጠራል? ሸጋ ነው ካለችሽ ሸጋ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ውስጡን እኔም አላየሁትም። ወንድሜ «የታሸገ እንዳትነኪ» ስላለኝ ከፍቼ አላውቅም ነበር።

ያን ቅዳሜ ግን ሰውየው ሽመሉን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ልጄን አቃጠላችኋት!» አለ። «ፊቷ ላይ ፈነዳ! እጇ ተላጠ፤ ዓይኗ ተሸፍኗል። ሐኪሙ ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም አለኝ!»

«አያ፣ ይረጋጉ፤ እስቲ ይንገሩኝ» ስል ወንድሜ ከጓዳ ወጣ።

«ጥፋቱ የመብራቱ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የእናንተ መብራት ከፍ ዝቅ ይላል። መብራቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ግዙ ብለናችኋል!»

ሽመሉ ተነሳ። ወደ ወንድሜ ራስ ሲመጣ ሳየው ክንዴን ዘርግቼ መሀል ገባሁ። ሕመሙ ሳይሰማኝ በፊት የአጥንቴን ስብራት ሰማሁት። ሰውየው የመታው እኔን መሆኑን ሲያይ ክው አለና ሽመሉን ዝቅ አደረገ።

«በማርያም! ምነው ገባሽ?» አለኝ።

ይህን እያለ ነው ወንድሜ የበሩን መቀርቀሪያ ብረት አንሥቶ ግንባሩ ላይ ያሳረፈበት። ሰውየው መስታወቱ ላይ ወደቀ። ወንድሜ አልበቃውም፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ደገመው። ሊሠልስ ሲል ጎረቤቶቻችን ልብስ ሰፊዎቹ ዘለው ገብተው አንቀው ያዙት። ደሙ ከወለሉ እስከ ደጃፉ ወረደ። ከሰፊዎቹ አንዱ የገበሬውን የራስ ቁስል በብጣሽ ጨርቅ አሰረለት፤ ሁለቱ ማኪና ፍለጋ ሮጡ፤ የቀሩት ወንድሜን አልለቀቁትም።

እኔ የተሰበረ ክንዴን ደረቴ ላይ አጥብቄ በደህናው እጄ ካቻቪቴ አነሣሁ። ለምን ያን ጊዜ እንዳደረግሁት ዛሬም አላውቅም። ብርማዋን ወረቀት ቀደድኩና ብሎኖቹን ፈታሁ። ክዳኑ ሲነሣ ውስጡ የዓመታት አቧራ ተጋግሯል። ከመስመር የመጣውን መብራት ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላይ የምንለው፣ ሆዱ ፈንድቶ ተተርትሯል። ደህናው ከባድ ነው፤ ይኸኛውን አውጥቼ በእጄ ብመዝነው እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ። የተለጠፈበትን ወረቀት በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ሌላ ወረቀት ወጣ፤ የላይኛው ከሚለው እጅግ ያነሰ አቅም ተጽፎበታል። አዲሱ ነገር ካርቶኑና ክዳኑ ብቻ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ሁሉም የሚሸጠው ይሄንኑ ነው! ዝጊው!»

«ታውቅ ነበር ወይ?»

አንድ እጁን ከያዙት ሰዎች አስለቅቆ በጥፊ መታኝ። መልሱ ያ ነበር።

አባቴ ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ እኔ ከንፈሬን እየጠረግሁ ነበር። እሱ በንግድ ዘመኑ ሁሉ ጨርቁን ገልብጦ ጀርባውን ሳያሳይ የሸጠ ሰው አይደለም። የተከፈተውን ኮምፒውተር አየ፤ ደሙን አየ፤ እኔን አየ። ብረቱን ከወለሉ አነሣ። ልጁን ሊገድለው ነው ብዬ ጮህኩ። እሱ ግን ወደ መደርደሪያው ዞሮ የታሸጉትን አንድ በአንድ ወደ መሬት እያወረደ ይቀጠቅጣቸው ጀመር። በተሰበሩ ቁጥር ያ አቧራ ይቦንናል።

«አባባ! ልትጨርሰን ነው እንዴ!» ብሎ ወንድሜ ከያዙት ሰዎች አምልጦ ተወረወረበት። ገፈተረው። አባቴ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ተነሥቶ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የነካው ሰው አልነበረም።

ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ በዕርቅ አለቀ። ገበሬው ተሰፍቶ ዳነ፤ አንድ ጆሮው ግን ተደፈነ። የልጅቱ ዓይን ተረፈ፤ ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። ክንዴ የታሰረበት ሲፈታልኝ አውቶቡስ ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ቆመች እንጂ ግቢ አላለችኝም።

«ያመጣው ወንድሜ ነው፤ እኔ አላወቅሁም» አልኳት።

«ለማወቅ የሚያስፈልግሽ አንድ ካቻቪቴ ነበር» አለችና በሩን ዘጋችው።

በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ በራሴ ትንሽ ቤት ጥገና እሠራለሁ፤ ኮምፒውተር ልገዛ ነው ብሎ ለሚያማክረኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ስለ ፍጥነቱ የሚነግሩህን ተወው፤ መጀመሪያ ክዳኑን ያንሡልህ። ፓወር ሰፕላዩን በእጅህ መዝን፤ ከቀለለህ ውጣ። ማኅተም የሚጠብቀው ሻጩን ነው። አሁን ደግሞ ስልኩን በሙጫ አጣብቀው ገዢው ቀርቶ ጠጋኙ እንኳ እንዳይከፍተው ያደርጉታል፤ ምነው ሲባሉ «እንዲቀጥን ነው» ይላሉ። እኔ አላምናቸውም።

ወንድሜ ወደ አይከል ወርዶ እዚያ ሱቅ ከፈተ። ለዓመታት አልተነጋገርንም። አባታችን ሲሞት መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ቀለል ሲል አጠገቤ ተቀመጠ። ጠጉሩ ሸብቷል።

«ክንድሽ ያምሻል?» አለኝ።

«ክረምት ክረምት ያመኛል።»

ከዚያ ልጁ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ነገረኝና «ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛላት?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚሆነውንና የማይሆነውን ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ሁለት ጊዜ አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከሳምንት በኋላ ደወለ።

«ገዛሁላት» አለኝ። «ደስ ብሏታል።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩት። ከዚያ ስለ ሌላ ሌላ ነገር ጥቂት አወራን።