ያጠፋሁት ግቢ

ይህ የሆነው አምና ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ገጠመኝ ብዬ ብጽፈውም እውነቱን ለመናገር ያደረግሁት እኔው ነኝ። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለውም ለዚህ ነው።

ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። በሥራዬ እኮራ ነበር፤ ትንሽ ከልክ በላይም ሳይሆን አይቀርም። ደንበኛው ተናግሮ ሳይጨርስ ችግሩን የምነግረው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ አሮጌ ላፕቶፕ በፌስታል ይዘው መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤት ፕላን ሲስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እዚሁ ፒያሳ አጠገብ እሪ በከንቱ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ለጥገና ግን አሁንም ከፒያሳ ሌላ አያምኑም።

«ጩኸቱን ብቻ ቀንስልኝ ልጄ፤ ባለቤቴን ይረብሻታል» አሉኝና ለስግደት ወጡ።

የሚጮኸውን ማቀዝቀዣ ፋን አጽድቼ ስከፍተው የተጫነበት ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ነው። እኛ ሱቅ ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ ከመጣ ባለቤቱን እንኳ ሳንጠይቅ ዊንዶውስ እንጭንበታለን። ልማድ ነው፤ ቅር ያለው ደንበኛም ገጥሞን አያውቅም። ውስጡን አየሁት። ዶክመንት የለ፣ ፎቶ የለ፣ አንድ የማላውቀው ጌም ብቻ። «ምስኪን፣ በዚህ ምን ይጫወታሉ?» ብዬ ሙሉውን ፎርማት አድርጌ አጠፋሁት። ዊንዶውስ ጫንኩ፤ የመኪናውንም የካርታውንም ጌም ሞላሁላቸው። ላስደስታቸው ብዬ ነው።

ሲመለሱ በኩራት ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ጥቂት ፈለጉ።

«ቤቱስ?» አሉኝ።

«የትኛው ቤት ጋሼ?»

ቁጭ አሉና ቀስ ብለው ነገሩኝ። «ባለቤቴ ዘይነባ የመርሳት በሽታ አለባት። ከሰፈር ከወጣን ጀምሮ ወደ ቤቴ ውሰደኝ እያለች ሻርፗን ለብሳ በር ላይ ትቆማለች። እኔም በዚያ ጌም ኩብ በኩብ ላይ እየደረደርኩ ግቢያችንን ሠራሁት። አንድ ዓመት ፈጀብኝ። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ አጠገቤ አስቀምጣትና በግቢው በር እንገባለን። ደረጃውን ስንወጣ ደረስን ትላለች። ከዚያ ሻርፗን ታወልቃለች።»

ሦስት ቀን ሙሉ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ። ምንም የለም፤ እኔ በላዩ የጫንኩበት ነገር በልቶታል። ስነግራቸው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ኮፒ መያዝ ነበረብኝ፤ አላወቅሁም» ብለው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱት።

ሊኑክሱንም ጌሙንም መልሼ ጫንኩላቸው። እሁድ እሁድ ቤታቸው እየሄድኩ አብረን መሥራት ጀመርን። እሳቸው ይለኩልኛል፣ እኔ እደረድራለሁ። «ደረጃው አሥራ አንድ ነው፤ ሦስተኛው ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሰብሮ ነበር» ይሉኛል። እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸውን እንደለበሱ በሩ አጠገብ ይቆማሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልችልም ነበር።

በአራተኛው እሁድ በሩና ደረጃው አለቀ። ጋሽ ሰይድ ባለቤታቸውን እጃቸውን ይዘው አመጡና አጠገቤ አስቀመጧቸው። በበሩ ገባን። ደረጃውን ወጣን። እትዬ ዘይነባ ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት።

«ደስ ይላል። የማን ቤት ነው?» አሉ።

«የኛ ነው እኮ ዘይነባ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

እትዬ ዘይነባ አይደለም በሚል ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ አንተ መንገዱን ታውቅ እንደሆነ ወደ ቤቴ ውሰደኝ» አሉኝ።

ተነስቼ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድ ተከትለውኝ መጡ። «በየቀኑ ስለምታየው ነበር ያልጠፋባት፤ ሲቋረጥ ረሳችው» አሉኝ። ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ የሆነውን መናገራቸው ነው።

ከዚያም እሁድ አላጓደልኩም። እዚያው ጌሙ ውስጥ የግቢያቸውን የኮክ ዛፍ ተከልን፣ የጎረቤቱን አጥር አቆምን። እትዬ ዘይነባ ግን አንድም ቀን ደረስን ሳይሉ፣ መስከረም ሳይጠባ አረፉ።

ለቅሶ ስደርስ ቤቱ በቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ተሞልቷል። እንዳይታወቅብኝ ጥግ ይዤ ልቀመጥ ስል ጋሽ ሰይድ አዩኝ። እጄን ይዘው ወደ መሃል አመጡኝ።

«ቤታችንን የሠራልን ልጅ ይህ ነው» አሏቸው።

ስለ ፎርማቱ ለማንም አልተናገሩም። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። አንዲት ወይዘሮ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ዘይነባን ቤቷ እንዳስገባሃት አላህ አንተንም ጀነት ያስገባህ» አሉኝ።

ጋሽ ሰይድን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተዋል። እውነቱን ብናገር የሳቸውን ደግነት ማፍረስ ሆነብኝ፤ ዝም ብልም መዋሸት ነው።

«አሜን» አልኩ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ዛሬም እሱ ነው።